ቀደርና የሰው ልጅ ተጠያቂነት በቀደምት ሙስሊሞች ታሪክ

 

በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ (639 እ.ኤ.አ.) በሻም ምድር የዐምዋስ ወረርሽኝ የተባለው ጧዑን ብዙ ሕዝብ ፈጀ። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ከመዲና ተነሥተው ወደ ሻም ሲጓዙ አቡ ዑበይዳ ኢብኑል ጀራሕ (ረ.ዐ.) ከጦር አዛዦች ጋር መንገድ ላይ ተቀብለው በሽታው መግባቱን ነገሯቸው። ዑመር አልቸኮሉም። መጀመሪያ ሙሃጂሮችን፣ ቀጥሎ አንሷሮችን ጠርተው አማከሩ፤ ሁለቱም ወገኖች በሐሳብ ተከፋፈሉ። በመጨረሻ የተጠሩት የቁረይሽ አዛውንቶች ግን ሕዝቡን ይዘው ይመለሱ በሚለው አንድ ሆኑ። ዑመርም ለመመለስ ቆረጡ።

አቡ ዑበይዳ ይህ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ እንዳይሆን ጠየቁ። ዑመር መሸሹን አልካዱም፤ የሚሸሹበትም ስፍራ ያው ከአላህ ቀደር ውጪ አለመሆኑን አስረዱ እንጂ። አንዱ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ወገኑ ደረቅ በሆነ ሸለቆ ግመሎቹን የሚያሰማራ ሰው የትኛውንም ወገን ቢመርጥ ከቀደር እንደማይወጣ በምሳሌ አሳዩ። በኋላም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው፣ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር መግባትንም ከዚያ ሸሽቶ መውጣትንም የሚከለክለውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ ተናገሩ። ታሪኩ በቡኻሪና በሙስሊም ኪታቦች ተመዝግቧል። አቡ ዑበይዳ ከሠራዊታቸው ጋር ቀርተው በዚያው በሽታ አረፉ። እንግዲህ ማማከሩም፣ መመለሱም፣ ከሠራዊት ጋር መቅረቱም ቀደርን የሚጻረር ሥራ ሆኖ አልተቆጠረም።

ውድ አንባቢያን፣ ከግማሽ ምእተ ዓመት በኋላ ግን ይህ ቃል ሌላ አገልግሎት ተገኘለት። ከበኒ ኡመያ ሹማምንት አንዳንዶቹ ደም ሲያፈሱና ገንዘብ ሲቀሙ ሥራችን በአላህ ቀደር ነው ይሉ ጀመር። መዕበድ አልጁሀኒ በበስራ ከተማ ቀደርን በመካድ የተነሣው በዚህ ዘመን ነው። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ወሬው በደረሳቸው ጊዜ ከዚህ አባባል ንጹሕ መሆናቸውን አስታወቁ፤ የአላህን ቀዳሚ ዕውቀት መካድ የኢማንን መሠረት የሚያፈርስ ነውና። ሆኖም መዕበድን ወደዚያ የገፋው ምን እንደነበረ መዘንጋት የለበትም። ሰዎች የገዥዎቹን አባባል ለሐሰን አልበስሪ (በ110 ዓ.ሂ. ወይም በ728 እ.ኤ.አ. ያረፉ) በነገሯቸው ጊዜ፣ ሐሰን እነዚያ የአላህ ጠላቶች መዋሸታቸውን በግልጽ እንደተናገሩ ተዘግቧል። በዚያ ዘመን እንዲህ ማለት ቀላል አልነበረም። መዕበድም ሆነ ከእርሱ በኋላ በደማስቆ ተመሳሳይ ትምህርት ያስተማረው ጘይላን በገዥዎች እጅ ተገድለዋል።

በሌላው ጫፍ ጀህም ኢብኑ ሰፍዋን ነበር። ሰው ምርጫ የሌለው፣ ነፋስ እንደሚያንቀሳቅሰው ነገር የሚነዳ ፍጡር ነው ብሎ አስተማረ። የሚገርመው ግን ይኸው ሰው በኹራሳን ምድር በገዥዎች ላይ ከተነሡት ጋር ተሰልፎ በ128 ዓ.ሂ. (በ746 እ.ኤ.አ. ገደማ) መገደሉ ነው። ምርጫ የለም ያለ ሰው ሰልፉን መርጦ ነበር!

ሙእተዚላዎች ሰው የገዛ ሥራው ፈጣሪ ነው አሉ። አቡል ሐሰን አልአሽዐሪ (በ324 ዓ.ሂ. ወይም በ936 እ.ኤ.አ. ያረፉ) ለብዙ ዓመታት ከእነርሱ ጋር ከቆዩ በኋላ ተለይተው፣ ሥራን የሚፈጥረው አላህ ሲሆን ሰው ግን ሥራውን ያተርፈዋል፣ ከስብ ያደርገዋል ብለው አስተማሩ። የሰመርቀንዱ አልማቱሪዲ (በ333 ዓ.ሂ. ወይም በ944 እ.ኤ.አ. ያረፉ) ለሰው ምርጫ ሰፋ ያለ ስፍራ ሰጡ። ከስብ ለደረሳ የሚከብድ ቃል ነው፤ ነገር ግን ዑለማዎቹ በቀላል ምሳሌ ያስረዱታል፦ በበሽታ የሚንቀጠቀጥ እጅና ሊጽፍ የሚንቀሳቀስ እጅ አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱን ባለቤቱ ያውቀዋል።

ፊቅህም የተሠራው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ሕፃን፣ እብድና የተኛ ሰው ኃጢአት አይጻፍባቸውም። በስሕተት ሰው የገደለ በቂሷስ አይገደልም፤ ነገር ግን ሱረቱ ኒሳእ ካሣና ከፋራ ግዴታ አድርጋበታለች። ካሣውን ይቅር የማለት መብት የሟች ቤተሰብ ነው። ለከፋራው ነጻ የሚያወጣው ባሪያ ያላገኘ ሁለት ወር በተከታታይ ይጾማል። ቀደር ነው ማለት ብቻ ቢበቃ ኖሮ ይህ ሁሉ ባላስፈለገ ነበር።

ዑለማዎች ቀደርን ለሙሲባ እንጂ ለጥፋት ማመኻኛ አታድርጉት የሚሉትም ለዚህ ነው። በእኛ አገር የመኪና አደጋ ሽምግልና ላይ የተቀመጠ ሰው ነገሩን በዓይኑ ያየዋል። የሟች አባት እንባውን ጠርጎ፣ «የአላህ ቀደር ነው» ሲል ጉባኤው ሁሉ አንገቱን ይደፋል። ሲበርር የመጣው ሾፌር ቀድሞ ያንኑ ቃል ሲናገር ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱ እጁን ያነሣል፦ «አንተ ቆይ ልጄ። መጀመሪያ በስንት ፍጥነት ትነዳ እንደነበረ ንገረን።»