ያልታወቀ አገር በቀል ዛፍን በናሙና መለየት

ዛፍን በናሙና መለየት ከዛፉ የተቆረጠ ቅርንጫፍን ከነቅጠሉ፣ ከነአበባውና ከነፍሬው አድርቆ፣ ስማቸው ከተረጋገጠ ናሙናዎችና ከእጽዋት መለያ መጻሕፍት ጋር በማመሳከር ዝርያውን የማወቅ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ የሥራው ዋና ማዕከል በ1959 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ የእጽዋት ናሙናዎች ማከማቻ) ነው።

አሰባሰብ

ቅጠል ብቻውን ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ስለዚህ አበባ ወይም ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ ይመረጣል። ቅርንጫፉ በጋዜጣ መካከል ተዘርግቶ፣ ቢያንስ አንድ ቅጠል ጀርባውን እንዲያሳይ ተገልብጦ፣ በካርቶንና በእንጨት ፍርግርግ ተጠፍሮ ይደርቃል። እርጥበት እንዳያሻግተው ጋዜጣው ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። በደረቀው ናሙና ላይ የማይታየው ነገር ሁሉ እዚያው ዛፉ ሥር ይጻፋል፦ የአበባው ቀለም፣ ሽታው፣ ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ፣ የግንዱ ልጣጭ፣ የዛፉ ቁመት፣ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የአካባቢው ሰው የሚጠራበት ስም። ይህ መረጃ የሌለው ናሙና ግማሽ ዋጋውን ያጣል።

አለያየት

መለየት የሚጀምረው ናሙናው ከመጣበት ቦታ ነው። ለምሳሌ ለቡ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኝ ሰፈር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ስለሚል በእጽዋት አከፋፈል ሸዋ ደጋ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከለቡ የመጣ ናሙና ሲመረመር የቆላ ዛፎች ገና ከጅምሩ ይወጣሉ። በከተማ ግን ተተክለው ያደጉ የውጭ ዛፎችም ስለሚበዙ፣ ቀድሞ መመለስ ያለበት ዛፉ አገር በቀል ነው ወይ የሚለው ነው።

ጥሩ ምሳሌው ጥድ ነው። የሐበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ ቅጠላቸው ጥቃቅን ቅርፊት መሰል ስለሆነ ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ፍሬያቸው ግን ይለያቸዋል፦ የሐበሻው ሲበስል ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ አተር የምታህል ለስላሳ ፍሬ ሲኖረው፣ የፈረንጁ ፍሬ እንደ እንጨት የጠጠረና ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ነው። ብሳናና ዋንዛም በሰፋፊ ቅጠላቸው ጀማሪን ያደናግራሉ። የብሳና ቅጠል ከዘንጉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ በአጉሊ መነጽር ሁለት ጥቃቅን ዕጢዎች ይታያሉ፤ ዋንዛ እነዚህ የሉትም። ብሳና ሊረግፍ የደረሰ ቅጠሉም ብርቱካንማ ይሆናል።

የመለያ መጽሐፉ በእንዲህ ዓይነት ምልክቶች ሁለት ሁለት ምርጫ እያቀረበ ከቤተሰብ ወደ ወገን፣ ከወገን ወደ ዝርያ ይመራል። የተገኘው ስም የመጨረሻ የሚሆነው ግን ናሙናው በሄርባሪየሙ ካለ የተረጋገጠ ናሙና ጎን ተቀምጦ ሲታይ ነው።

ታሪክ

ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር ከ1837 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ የሰበሰባቸው ናሙናዎች በአውሮፓ ሄርባሪየሞች ተሠራጭተዋል። አገሪቱ የራሷን የተሟላ መመሪያ ያገኘችው ግን በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2009 በተጠናቀቀው የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክት ነው። ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሠራውን ይህን ባለ ስምንት ቅጽ ሥራ ካዘጋጁት መካከል ኢንጋ ሄድበርግ፣ ሱ ኤድዋርድስና ሰብስቤ ደምሰው ይገኙበታል።

ናሙናው ከየትኛውም የታወቀ ዝርያ ጋር ሳይገጥም ሲቀር አዲስ ግኝት ሊሆን ይችላል። በ2006 እ.ኤ.አ. በኦጋዴን የተሰበሰበ ሮዝ አበባ ያለው ግራር እንዲህ ነበር። የኡፕሳላው ማትስ ቱሊን በ2007 አካሺያ ፉሞሳ ብሎ ሰየመው። ዛፉ ወደ 8,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሚደርስ ስፍራ ላይ በብዛት የሚታይ ነበር፤ ሳይንስ ግን ናሙናው እስኪሰበሰብ ድረስ አያውቀውም ነበር።

ጠቀሜታ

ናሙና የማይሞት ማስረጃ ነው። ዛፉ ለግንባታ ቢቆረጥ እንኳ ስሙ ትክክል መሆኑን ሌላ ባለሙያ ዳግም ሊመረምር ይችላል። አገር በቀል ችግኝ የሚያፈላ ሰውም ዘር ከሚለቅምበት እናት ዛፍ ናሙና ቢያስቀምጥ፣ የሚተክለው በእርግጥ የአገሩን ዛፍ ስለመሆኑ ማረጋገጫ ይኖረዋል።