የዋሽንግተንን የዘር ሐረግ የፈታው የእህት ኑዛዜ

ማርታ ሄይዋርድ የተባለች ሴት በ1697 ቨርጂኒያ ውስጥ ኑዛዜዋን አጻፈች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቨርጂኒያ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ ሰው የሚነግደውም ዕዳውን የሚከፍለውም በትንባሆ ነበር። ማርታም ባሕር ማዶ ለቀሩት እህቶቿ፣ ለታላቋ ለኤልዛቤት ራምቦልድና ለማርጋሬት ታልቦት፣ ሚዛኑ የሞላ አንድ አንድ ቶን ትንባሆ ተናዘዘችላቸው። ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይህ ቃል የአሜሪካው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የጆርጅ ዋሽንግተን ዘር ከየት እንደመጣ ለማወቅ ከረዱት ማስረጃዎች አንዱ ሆነ።

ማርታ በአባቷ ቤት ስሟ ዋሽንግተን ነበር። ጆንና ሎውረንስ የተባሉት ወንድሞቿ ቀድመዋት ቨርጂኒያ ገብተዋል። ጆን የጆርጅ ቅድመ አያት ነው። እርሱም በ1675 ባጻፈው ኑዛዜ እህቱን አልረሳም፤ እንግሊዝ ካለው ገንዘብ አሥር ፓውንድ፣ ስትመጣ የአንድ ዓመት ማረፊያና አራት ሺህ ፓውንድ የሚመዝን ትንባሆ እንዲሰጣት፣ ለመጓጓዣዋ ያለባት ዕዳም እንዲቀርላት አዟል። ወንድምና እህት እንደነበሩ የምናውቀው ከዚህ ነው። ግን የማን ልጆች ናቸው?

በ1791 የእንግሊዝ የዘርና የአርማ ጉዳይ ሹም የነበሩት ሰር አይዛክ ሄርድ ለጥያቄው መልስ ያገኙ መሰላቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች የእንግሊዙ የሰልግሬቭ መንደር ሰው የሎውረንስ ዋሽንግተን ልጆች ናቸው ብለው ሐረጉን ሠሩና ለፕሬዚዳንቱ ጻፉላቸው። ዋሽንግተንም በዚህ ጉዳይ ብዙም እንዳላተኮሩ፣ በቤተሰቡ የሚነገረው ግን አባቶቻቸው ከሰሜን እንግሊዝ እንደመጡ መሆኑን መለሱ። የሄርድ ሐረግ ከሰባ ዓመት በላይ እውነት ተብሎ ቆየ። በ1866 ጆሴፍ ቼስተር የተባለ ተመራማሪ ስህተቱን አጋለጠ፦ ሄርድ የጠቀሷቸው ጆንና ሎውረንስ አንዱ ባላባት፣ ሌላው ቄስ ሆነው እዚያው እንግሊዝ የኖሩ ሰዎች ነበሩ።

ትክክለኛውን መልስ በ1889 ያወጣው የማሳቹሴትሱ ሄንሪ ዋተርስ ነው። ዋተርስ ለንደን ተቀምጦ ያረጁ ኑዛዜዎችን አንድ በአንድ እያነበበ የአሜሪካ ሰፋሪዎችን ስም ይለቅም ነበር። ሎውረንስ ዋሽንግተን የሚባል ሰው በየትውልዱ ስላለ በስም ብቻ መተማመን አይቻልም። መመሳሰል ያለበት የቤተሰቡ ስሞች ስብስብ ነው። በ1650 የጸደቀ የአንድሪው ኖውሊንግ ኑዛዜ ላይ ዋተርስ ይህንኑ አገኘ። የትሪንግ ከተማው ኖውሊንግ መሬቱን ለክርስትና ልጁ ለሎውረንስ ዋሽንግተን ያወርስና ለአምፊሊስ ዋሽንግተን ልጆች ለጆን፣ ለዊልያም፣ ለኤልዛቤት፣ ለማርጋሬትና ለማርታ ስጦታ ይተዋል። ኤልዛቤት፣ ማርጋሬት፣ ማርታ! ከአርባ ሰባት ዓመት በኋላ ቨርጂኒያ ውስጥ በትንባሆው ኑዛዜ የሚገናኙት ሦስት እህትማማቾች እነዚሁ ናቸው። አምፊሊስ ደግሞ ሄርድ የጠቀሱት የዚያው ቄስ፣ የፐርሊው የሎውረንስ ዋሽንግተን ሚስት ነበረች። ስለዚህ ሄርድ ልጆች ያሏቸው ወንድማማቾች የልጅ ልጆች ሆነው ተገኙ፤ አባትና አጎት ከልጆቹ ጋር ተምታተውባቸው ኖሯል።

ኑዛዜ የሚጻፈው ለንብረት ነው። ሆኖም የተናዛዡ ሐሳብ ከሚወዳቸው ሰዎች ስለማይርቅ፣ የማዕረግ መዝገብ የማይቆጥራቸው እህቶችና የክርስትና ልጆች በስማቸው ይገኙበታል። ቅር የሚያሰኝ ክፍተትም አለው። በቨርጂኒያ እስከ 1785 ድረስ ኑዛዜ ሳይኖር መሬት በሕግ ለበኩር ወንድ ልጅ ያልፍ ስለነበር፣ ድርሻው የተረጋገጠለት በኩር ኑዛዜው ላይ ጭራሽ ላይጠቀስ ይችላል። ስሙ የለም ተብሎ ልጅ አልነበረም ማለት አይቻልም።

በእነዚያው ኑዛዜዎች ላይ እንደ ዕቃ የተቆጠሩ ሰዎችም አሉ። የጆርጅ አባት ኦገስቲን በ1743 ሲሞቱ የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ ከመሬቱ ጋር አሥር በባርነት የተያዙ ሰዎችን ወረሰ። በ1662 የወጣው የቨርጂኒያ ሕግ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተል ስላለ፣ ባለርስቶች ሴቲቱን ሲያወርሱ ወደፊት የምትወልዳቸውን ጭምር ብለው ያጽፉ ነበር። አረመኔያዊ ቃል ነው። ዛሬ ግን ለጥቁር አሜሪካውያን የእናትና የልጅን መስመር የሚያገናኝላቸው ብዙ ጊዜ ይኸው ቃል ነው፤ የ1850 እና የ1860 የባሪያ ቆጠራዎች አብዛኛውን ሰው በዕድሜና በጾታ እንጂ በስም አልመዘገቡምና። ሁሉም በስሙ የተቆጠረው በ1870 ነው። ከዚያ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው የጌቶችን ኑዛዜና ሟች ሲሞት የሚሠራውን የንብረት ዝርዝር ከማገላበጥ ሌላ ብዙ ምርጫ የለውም።

እኛም ዘንድ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር በቃል የሚተላለፍ ዕውቀት ነው፤ የጽሑፍ ማስረጃ ግን የለንም ማለት አይደለም። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ውርስ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ከነምስክሮቹ ይጻፍ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ ስለ ኢትዮጵያ የመሬት ይዞታ የጻፉት እነዚህን ጽሑፎች መሠረት አድርገው ነው። በየቤቱም በነፍስ አባትና በሽማግሌዎች ፊት የተጻፉ ኑዛዜዎች በሣጥን ውስጥ አሉ።

ጽሑፍ ግን ሊጠፋ ይችላል፤ ከቨርጂኒያ አውራጃዎች አንዳንዶቹ በአሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ መዝገባቸውን ለደኅንነት ወደ ሪችመንድ ልከው በ1865 የከተማዋ ቃጠሎ አጥተውታል። አንባቢ ሆይ፣ የአያትዎ ወይም የቅድመ አያትዎ ኑዛዜ በእጅዎ ካለ አንድ ቦታ ብቻ አያስቀምጡት። ፎቶ አንስተው ለወንድም ለእህት ያከፋፍሉ፤ ሲገለብጡም የወራሾቹን ብቻ ሳይሆን የምስክሮቹን፣ የጸሐፊውንና የነፍስ አባቱን ስም አይዝለሉ።