ጎነ ብዙ

«ጎነ ብዙ» ቢያንስ በሦስት ቀጥታ መስመሮች የተዘጋ ጠፍጣፋ ምስል ነው። የትምህርት ቤቱ ስም ከጎን ተወስዷል፤ በተለምዶ ግን «ሦስት ማዕዘን»፣ «አራት ማዕዘን» ይባላል። ልዩነቱ አያጣላም፤ የጎኖቹና የማዕዘኖቹ ቁጥር ምንጊዜም እኩል ነውና። ክብ ከዚህ ወገን አይደለም።

የውስጥ ዘዌዎቹን ድምር ለማግኘት ፕሮትራክተር አያስፈልግም፤ ከጎኖቹ ቁጥር ሁለት ቀንሶ በ180 ማባዛት ይበቃል። ምክንያቱም ጎነ ስድስት፣ ለምሳሌ፣ ከአንዱ ማዕዘኑ በሚነሡ መስመሮች ለአራት ጎነ ሦስቶች ስለሚከፈልና የእያንዳንዱ ጎነ ሦስት ዘዌዎች 180 ስለሚሞሉ ድምሩ 720 ዲግሪ ይሆናል። ጎኖቹም ዘዌዎቹም እኩል ሲሆኑ እያንዳንዱ ዘዌ 120 ዲግሪ ነው። ጎነ ስድስት የሆኑት የማር እንጀራ ቀዳዳዎች ያለ ክፍተት የሚገጥሙት ሦስት ዘዌዎች ተጋጥመው 360 ስለሚሞሉ ነው። ጎኖቹና ዘዌዎቹ እኩል የሆኑ ጎነ አምስት ግን እያንዳንዱ ዘዌው 108 ነው፤ ሦስቱ 324 ላይ ቀርተው ክፍተት ይተዋሉ።