አጎንብሶ መነሣትን ያስቀረው ግንበኛ

ፍራንክ ጊልብሬዝ በ1885 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋምን የመግቢያ ፈተና ያለፈ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። በዚያው ዓመት ግን ትምህርቱን ትቶ ቦስተን ውስጥ ግንበኝነት ለመማር ተቀጠረ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ የሞተበት በሦስት ዓመቱ ነው። እናቱ ልጆቿን ያሳደገችው ቤቷን ለተከራዮች ከፍታ፣ ለእነሱም እያበሰለች ነበር። ልጁ ከእንግዲህ ሸክም ሊሆንባት አልፈለገም። የሰንበት ትምህርት ያስተማረው ሰው ሥራ ተቋራጭ ስለነበር፣ ሙያውን ከሥር ለመማር እሱ ዘንድ ገባ።

ሥራውን እንዲያሳዩት የተመደቡለት ግንበኞች አሠራራቸው አንድ አልነበረም። አንዱ ጡብ በሚያነሣበት መንገድ ሌላው አያነሣም። ይባስ ብሎ አንዱ ሰው ራሱ ሦስት ዓይነት አሠራር ነበረው፤ ተረጋግቶ ሲሠራ አንድ፣ ሲጣደፍ ሌላ፣ ለተለማማጅ ሲያሳይ ደግሞ ሦስተኛ። ታዲያ ትክክለኛው የቱ ነው የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲያ ጊልብሬዝን ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም።

የዚያን ዘመን ግንበኛ ሥራ ጠጋ ብሎ ላየው አድካሚነቱ ያለው ጡብ መደርደሩ ላይ አልነበረም። ጡቡም የኖራው ቅልቅልም የሚቀመጡለት እግሩ ሥር ነው። ለእያንዳንዷ ጡብ ያጎነብሳል፣ ያነሣል፣ ቀና ይላል። በእጁ እያገላበጠ ደህና ፊቷን ይፈልጋል። ኖራውን ይዘረጋል፣ ያስቀምጣታል፣ ከዚያ በመሣሪያው መታ መታ እያደረገ ያስተካክላታል። የሥራ አመራር ሳይንስ አባት የሚባለው ፍሬድሪክ ቴይለር በ1911 መጽሐፉ ይህን አስልቶታል። ጡቧ ሁለት ኪሎ ተኩል አትሞላም። እሷን ለማንሣት ግን ሰውየው 70 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የገዛ አካሉን 60 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ መልሶ ያነሣል። ይህን በቀን አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይደጋግመዋል። ወገብ የሚሰብረው እንግዲህ ጡቡ ሳይሆን የራሱ የሰውየው ክብደት ነበር።

ጊልብሬዝ መፍትሔውን የጀመረው ከመወጣጫው ነው። ግንቡ ከፍ ባለ ቁጥር አብሮ ከፍ የሚል መወጣጫ ሠራና የፈጠራ መብቱን በስሙ አስመዘገበ። ግንበኛው አንደኛው ደረጃ ላይ ይቆማል፤ ጡቡና ኖራው ከፍ ባለው መደርደሪያ ላይ ወገቡ ዘንድ ይቀመጡለታል። ጡቦቹ ሲራገፉ አንድ የጉልበት ሠራተኛ እየመረጠ፣ ደህና ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን አዙሮ በእንጨት ማቀፊያ ይደረድራቸዋል፤ ስለዚህ ግንበኛው ማገላበጥ ቀረለት። የኖራውም ውፍረት በልኩ ስለሚደረግ ጡቧን በእጅ ጫን ማድረግ በቂ ሆነ፤ መታ መታው አብሮ ቀረ። 18 የነበረው የእጅና የአካል እንቅስቃሴ ወደ 5 ወረደ። በሰዓት በአማካይ 120 ጡብ ይደረድር የነበረ ሰው 350 ደረሰ።

ከጊልብሬዝ ሥራዎች ሁሉ እኔ የማስበልጠው ይህን ነው። ቁጥሩ ስለከበደ አይደለም። ማንም ግንበኛውን ቶሎ በል አላለውም፤ የተለወጡት ሣንቃው፣ ማቀፊያውና የኖራው ውፍረት ናቸው። ይህን ያየውም ወገቡ የታመመ፣ ጡብ በእጁ የያዘ ሰው ነው፤ ከቢሮ የመጣ ተቆጣጣሪ ቢሆን ኖሮ ዓይኑ ያረፈው ግንበኛው ስንት ጊዜ ዐረፈ የሚለው ላይ በሆነ ነበር።

በ1895 የራሱን የሥራ ተቋራጭ ድርጅት ከፈተ። በግንባታ ዘመኑ ስለ ኮንክሪት፣ ስለ ጡብ ሥራና ስለ ሥራ ቦታ አደረጃጀት መጻሕፍት ጻፈ። በ1904 የካሊፎርኒያ ልጅ የሆነችውንና በበርክሌይ የተማረችውን ሊሊያን ሞለርን አገባ። ከቴይለር ጋር የተገናኘው በ1907 ነው። ለጥቂት ዓመታት ታማኝ ተከታዩ ሆኖ ቆየ፤ የሁለቱ ዓይን ግን የሚያየው ለየቅል ነበር። ቴይለር የሚይዘው የሩጫ ሰዓት ነው፤ አንድ ሥራ ስንት ደቂቃ ይፈጃል ይላል። ጊልብሬዝ ደግሞ ጊዜው የእንቅስቃሴው ውጤት ነውና እንቅስቃሴውን ካስተካከልን ጊዜው ራሱ ይስተካከላል ባይ ነው። ልዩነቱ የምሁራን ክርክር ብቻ ሆኖ አልቀረም። በነሐሴ 1911 የአሜሪካ ሠራዊት የዋተርታውን ጦር መሣሪያ ፋብሪካ ብረት አቅላጮች የሩጫ ሰዓት ተይዞባቸው ሥራ አቁመው ወጡ። ነገሩ ምክር ቤት ደርሶ፣ ከ1915 ጀምሮ የሠራዊት በጀት ለሰዓት ቆጠራ እንዳይውል ተከለከለ።

ጊልብሬዝ በ1912 ግንባታውን ትቶ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ፕሮቪደንስ፣ ሮድ አይላንድ ተዛወረና በፋብሪካ አማካሪነት መሥራት ጀመረ። እዚያ ነው የፊልም ካሜራ ወደ ሥራ ቦታ ያስገባው። ከሠራተኛው ጀርባ ያለውን ግድግዳ በአራት ማዕዘን መስመሮች ከፋፈለው። አጠገቡም አንድን ደቂቃ ከ2000 ከፍሎ የሚያሳይ ሰዓት አቆመ። ፊልሙ ሲታይ እጁ በየትኛው ቅጽበት የት እንደነበር በግልጽ ይነበባል። ሌላም ዘዴ ነበረው። በሠራተኛው ጣት ላይ ትንሽ አምፖል አስሮ፣ ብርሃኑን እያበራ እያጠፋ፣ የካሜራውን መዝጊያ ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ያነሣዋል። ፎቶው ላይ የእጁ ጉዞ ነጠብጣብ የብርሃን መስመር ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ያንን መስመር በሽቦ አጣምሞ ያሠራውና ለሠራተኛው ያሳየዋል፤ ሰውየው የገዛ እጁ የት ላይ እንደሚዞርና የት ላይ እንደሚያመነታ በጣቱ ተከትሎ ማየት ይችላል። የእጅን ሥራ መፈለግ፣ መጨበጥ፣ ማድረስ፣ ማስቀመጥ እያለ በአሥራ ሰባት ጥቃቅን ክፍሎች የመተንተን ዘዴም የሁለቱ ባልና ሚስት ነው።

ካሜራውን ይዞ የቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገባም የግንበኛውን ነገር አገኘ። ሐኪሙ መሣሪያ ፍለጋ ዓይኑን ከታካሚው ላይ ያነሣ ነበር። ነርሷ መሣሪያውን አዘጋጅታ በሐኪሙ መዳፍ ላይ እንድታስቀምጥ ያበረታታው እሱ ነው። በጃፓን የቶዮታን አሠራር ከተነተኑት አንዱ የሆነው ሺጌዎ ሺንጎም የጊልብሬዝን ሥራ አጥንቶ ከፍ አድርጎ ይጠቅሰዋል። የጃፓኑን የካይዘን አሠራር ለማስፋፋት በ2011 በተቋቋመው የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በኩል አላስፈላጊ እንቅስቃሴን ስለ መቀነስ የሠለጠነ የእኛ ሀገር ሠራተኛም የዚህን ግንበኛ ሐሳብ በሩቅ ተምሮታል ማለት ነው።

የሠራተኛ ማኅበራት ግን በካሜራውም ከልባቸው አላመኑም፤ እኔም አልፈርድባቸውም። 120 ጡብ 350 ከሆነ ሦስት ሰው የሚሠራውን አንድ ሰው ሠራው ማለት ነው። የቀሩት ሁለቱ የት ይሄዳሉ? የተረፈው ገንዘብስ ማን ኪስ ይገባል? ጊልብሬዝ ድካምን ስለ መቀነስ የጻፈውን ያህል ለዚህ ጥያቄ አልጻፈም። ከቴይለር ጋር በ1914 ገደማ ተቃቅሮ መንገዱን ከለየ በኋላም ደመወዝ የሚከፍሉት የፋብሪካ ባለቤቶች ነበሩ።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሌላ ሥራ አመጣ። እጅ ወይም እግር ያጡ ወታደሮች ወደ ሥራ እንዲመለሱ፣ ሥራው ለእነሱ እንዲመች አድርጎ የማስተካከል ጥናት ከሊሊያን ጋር አካሄዱ፤ በ1920 በመጽሐፍ አወጡት። ራሱ ፍራንክ በ1918 ኦክላሆማ በሚገኘው ፎርት ሲል ሠራዊቱን ሲያገለግል በጠና ታመመ፤ ልቡ ከዚያ በኋላ ደህና አልሆነችም።

የዚህን ሰው ታሪክ ያለ ሊሊያን መጻፍ አይቻልም። እሷ አሥራ ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ ከነሱ አንዷን በ1912 ጉሮሮ ዘጊ በሽታ ወስዳባታለች። በዚህ መሐል በ1915 ከብራውን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ተቀበለች። ሥራን ከሰው አእምሮ ጋር አያይዞ ያጠናው መጽሐፏ በ1914 ሲታተም ሴት መሆኗ እንዳይታወቅ አሳታሚው ስሟን በፊደል ብቻ አስጽፎታል።

ሰኔ 14 ቀን 1924 ፍራንክ በሞንትክሌር፣ ኒው ጀርሲ ከባቡር ጣቢያ ሊሊያንን ስልክ እያነጋገረ ሳለ ልቡ ቆመ፤ 55 ዓመቱ ነበር። ለንደንና ፕራግ ለሚደረጉ ጉባኤዎች ሊሄድ የተዘጋጀ ነበርና ሊሊያን በቀናት ውስጥ መርከብ ተሳፍራ በእሱ ቦታ ሄደች። ከሞቱ በኋላ ግን ለባልዋ ሥራ ይሰጡ የነበሩ ድርጅቶች ከሴት መሐንዲስ ጋር ውላቸውን ማደስ አልፈለጉም። አሥራ አንዱ ልጆች ያደጉበት ገንዘብ የመጣው ቤቷ ውስጥ በከፈተችው ሥልጠናና ኩባንያዎቹ የሴት ሥራ ነው ብለው በሚያምኑት በማዕድ ቤት ጥናት ነው። በእግር እየተረገጠ የሚከፈተው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ከዚህ ጥናት ከሚቆጠሩላት አንዱ ነው። በ1935 በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆነች፤ በ1965 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የምሕንድስና አካዳሚ የመጀመሪያዋ ሴት አባል። ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን የሚነካኝ የልብ በሽታ ላለባቸው ሴቶች ያዘጋጀችው ማዕድ ቤት ነው። እዚያ ጥያቄው በሰዓት ስንት ተሠራ የሚል አልነበረም። ዕቃው ሁሉ እጅ ከሚደርስበት ሳያልፍ፣ ተቀምጦ መሥራት በሚቻልበት ከፍታ ላይ ተደርድሮ፣ ልቧ የደከመ ሴት ሳታጎነብስ ምሳዋን ሠርታ እንድትጨርስ ነበር።