የፖሊስ ተቋማት የብቃት ዕውቅና ወጪ
በዩናይትድ ስቴትስ የፖሊስ ብቃት ዕውቅና ማለት አንድ መምሪያ በጽሑፍ የተደነገጉ መመዘኛዎችን ማሟላቱ በውጭ ገምጋሚዎች የሚረጋገጥበት፣ በአብዛኛው በፈቃደኝነት ላይ የቆመ ሥርዓት ሲሆን፣ ይህን ዕውቅና የሚሰጠውንና ካሊያ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀውን ኮሚሽን አራት የሙያ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1979 መሥርተውታል። ኮሚሽኑ የሚያስከፍለው ገንዘብ እንደ መምሪያው የሠራተኛ ብዛት ይለያያል፤ ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ግን መመሪያ የሚያረቅቀውና ሰነድ የሚያሰባስበው ባልደረባ ደመወዝ፣ እንዲሁም የኤግዚቢት ማስቀመጫ ክፍሉን በቁልፍ፣ በካሜራና በማስጠንቀቂያ ደወል ማደራጀት ነው። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ይህን ወጪ ለማቅለል ድጎማ ሲሰጡ፣ ኒው ዮርክ ከ1989 ወዲህ የራሱን መርሐ ግብር ያለ ክፍያ ያካሂዳል፤ ይሁንና ክፍያ መቅረቱ ጥቂት ፖሊሶች ብቻ ያሏትን ትንሽ ከተማ ከሥራ ሰዓት ብክነት አያድናትም።