ከሥራ መሰናበትና የሠራተኛው መብት

ስንብት አሠሪ የሥራ ውልን የሚያቋርጥበት እርምጃ ነው። አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ጳውሎስ አካባቢ ስለ ስንብት መጀመሪያ የሚጠየቀው «ቀጣሪሽ ማን ነው?» ነው። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የምትሠራ ቋሚ ነርስ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ጥፋት ፈጽማለች ሲባል ጉዳይዋን የዲሲፕሊን ኮሚቴ ያየዋል፣ ይግባኟም ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ይቀርባል። እዚያው ሰፈር የግል ክሊኒክ ወይም መድኃኒት ቤት የተቀጠረች ጓደኛዋ ግን የምትተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሥራ መሪዎችና የቤት ሠራተኞች በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም።

በአዋጁ መሠረት እርግዝና፣ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የማኅበር አባልነት ወይም አሠሪን መክሰስ ለስንብት ምክንያት አይሆኑም። በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ ወይም በድምሩ 5 ቀን የቀረ ግን ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። አሠሪው ጥፋቱን እያወቀ 30 የሥራ ቀን ዝም ካለ በዚያ ምክንያት ማሰናበት አይችልም።

በስልክ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ» ማለት ሕጉን አያሟላም። ደብዳቤው ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን ገልጾ በእጅ መሰጠት አለበት፤ ሠራተኛው አልቀበልም ካለ በሥራ ቦታው ለ10 ተከታታይ ቀናት ይለጠፋል። ስለዚህ ደብዳቤን እምቢ ማለት አያዋጣም። ከዚህ የባሰው «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ መፈረም ነው፤ ኋላ ተባረርኩ ብሎ ማስረዳት ዳገት ይሆናል።

ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በ3 ወር፣ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በሽምግልና ተስፋ ሲጠባበቁ 3 ወሩ የሚያልፍባቸው ጥቂት አይደሉም። ክሱ የሚቀርበው ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ ዳኝነት አይከፈልበትም።

ሠራተኛው ቢረታም፣ የሥራ ግንኙነቱ መቀጠል ከባድ ችግር ይፈጥራል ብሎ ካመነ ፍርድ ቤቱ በመመለስ ፈንታ ካሣ ሊወስን ይችላል። ጥቂት ሰው ብቻ በሚሠራበት ክሊኒክ ይህ አያስገርምም። ላልተወሰነ ጊዜ ተቀጥራ 4 ዓመት የሠራች፣ የቀን ደመወዟ 300 ብር የሆነ ሠራተኛን እንውሰድ፦ የ180 ቀን ካሣ 54,000 ብር፣ የ2 ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ 18,000፣ የስንብት ክፍያ 18,000፣ በጠቅላላው 90,000 ብር ይሆናል። ስንብቱ ሕጋዊ ሆነም አልሆነ፣ አሠሪው የሥራ ልምድ ማስረጃዋን በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት።