ለጋሽ መኪና፦ ከመለዋወጫ የምትለየው በምንድን ነው?

ለጋሽ መኪና (ስም)፦ ራሷ ተጠግና መንገድ እንድትወጣ ሳይሆን፣ ሞተሯ፣ ካምቢዮዋ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዋና ሌላው አካሏ ተነቅሎ በሌላ መኪና ላይ እንዲተከል ሙሉዋን የምትገዛ ተሽከርካሪ። አካሉን የምትወስደዋ ተቀባይ መኪና ትባላለች። ሥራው ደግሞ ንቅለ ተከላ ነው።

ቃሉ የተወሰደው ከእንግሊዝኛው «ዶነር ካር» ነው። አነጋገሩ የተስፋፋው መኪና በገዛ እጃቸው በሚገጣጥሙ ሰዎች ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ካሊፎርኒያ ውስጥ ብሩስ ማየርስ የተባለ ሰው «ማየርስ ማንክስ» የተሰኘችውን የአሸዋ መኪና ሠራ። ውጫዊ አካሏ ከፋይበርግላስ የተበጀ አዲስ ነበር፤ ሞተሯና ማርሿ ግን ከቮልስዋገን የመጣ። በብሪታንያም እንዲሁ ቀፎውን ከአንድ አነስተኛ አምራች ገዝተው የቀረውን ከአሮጌ ፎርድ ኤስኮርት እየፈቱ መኪና የሚሠሩ ብዙ ነበሩ። ያቺ የምትፈታው አሮጌ መኪና ናት ስሙን ያገኘችው።

እኛ ዘንድ ነገሩን ያመጣው ጨዋታ አይደለም፤ ኪስ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር መኪና ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወደደ። እንግዲህ በእጅ ያለችው አሮጌ ቪታራ ወይም ራቭ ፎር «ትሸጥና አዲስ ይገዛ» የምትባል መሆኗ ቀረ። እሷን ማቆየት ግድ ሆነ። ለማቆየት ደግሞ ከአንድ ቦታ አካል መምጣት አለበት።

ቃል ሳይኖረን ቀርቶ ነው?

ጋራዦቻችን ቃል አያጡም። ከጣሊያን ዘመን የወረሱት ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ባሌስትራና ቺንጋ እስከ ዛሬ እንጀራቸው ነው። ለተፈታ ዕቃም ስም አላቸው፤ «ያገለገለ»፣ «የተፈታ»፣ «መለዋወጫ»። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ወደሚባለው የመኪና ዕቃ ገበያ የሄደ ሰው ሦስቱንም በአንድ ቀን ይሰማል። ነገር ግን እያንዳንዳቸው የሚናገሩት ስለ ዕቃው ነው። «መለዋወጫ» መደርደሪያ ላይ ያለ አንድ ዕቃ ነው፤ ከየት መኪና እንደመጣ አይጠየቅም። «የተፈታች መኪና» ስንል ደግሞ የደረሰባትን ተናገርን እንጂ ለማን እንደተፈታች አልተናገርንም። ዕቃዋ ለአሥር ሰው ተበትኖ ሊሆን ይችላል። ለአንዲት የታወቀች መኪና ሲባል ሙሉዋን የተያዘችውን ለይቶ የሚጠራ ቃል ነው የጎደለው።

በትርጉም ሦስት አማራጮች ይቀርባሉ። «ሰጪ መኪና» ትክክል ነው፤ ግን የሚሰጠው ምን እንደሆነ አያስታውቅም፣ አከራይ ያስመስላል። «መፍቻ መኪና» እንዳንል መፍቻ ቡሎን የምንፈታበት መሣሪያ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ «መፍቻ አምጣ» ሲባል መኪና ጎትቶ የሚመጣ ረዳት አይኖርም። የቀረው «ለጋሽ» ነው። ልግስና ፈቃድና ደግነት ይፈልጋል፣ ብረት ምን ፈቃድ አለው የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። ሆኖም ቃሉ ከደግነት ትርጉሙ ጎን ሌላ ትርጉም ካዳበረ ቆይቷል። ደም ለጋሽ፣ ኩላሊት ለጋሽ ስንል የምናስበው መጀመሪያ አካል የሚወጣበትን ወገን ነው።

ለአዲስ አበባው ጳውሎስ ሰፈር ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። ሰፈሩ ውስጥ ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በአገራችን የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ አገልግሎት የጀመረው በመስከረም 2008 ነው፤ በጅምሩ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች አግዘዋል። ከዚያ ወዲህ «ለጋሽ ተገኘ?»፣ «ተስማማ?» የሚሉት ጥያቄዎች በሆስፒታሉ አጥር ዙሪያ የዕለት ንግግር ናቸው። ለመኪናውም የሚያገለግለን ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ጤነኛ ኩላሊት መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የደም ዓይነቱና ሕብረ ሕዋሱ ከተቀባዩ ጋር መግጠም አለበት። ጤነኛ ሞተርም እንደዚያው ነው።

«ተስማማ?» ማለት ምን ማለት ነው

ምሳሌ እንውሰድ። ሱዙኪ ቪታራ በጃፓን «ኤስኩዶ» ተብላ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ሻንሲው ከአካሉ የተለየ፣ ፎር ዊሏ በእጅ የሚገባና የሚወጣ፣ ብዙዎቹም ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ናቸው። የጥንቱ ስምንት ቫልቭ ሞተር ጉልበት 80 ፈረስ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፤ እንጦጦ ሥር ያለው የጉለሌ ወገን ከዚያም ከፍ ይላል። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ቤተሰብ ጭና ወደ እንጦጦ የምትወጣ ቪታራ በእጇ የቀረው 60 ፈረስ ቢሆን ነው። ባለቤቷ ባለ 2.0 ሊትር ሞተር ቢመኝ አይፈረድበትም።

ገበያው ሁለት ዓይነት ባለ 2.0 ሞተር ያቀርብለታል እንበል። አንዱ የመጀመሪያው ትውልድ ራቭ ፎር 3ኤስ ሞተር ነው፤ ሌላው የሱዙኪው ጄ20ኤ። በመጠን ሲታዩ እኩያ ናቸው። ነገር ግን የራቭ ፎር ሞተር የሚቀመጠው አግድም ነው፤ ካምቢዮውም ከጎኑ ይጣበቃል። የቪታራው የሚቀመጠው ቁመቱን ይዞ ነው፤ ካምቢዮው ከኋላው ይሰለፍና ኃይሉ በዘንግ ወደ ኋላ ይሄዳል። ራቭ ፎሯ የቱንም ያህል ጤነኛ ብትሆን ለቪታራ ለጋሽ አትሆንም። ጄ20ኤ ግን በፋብሪካው ራሱ በአንዳንድ ቪታራዎች ላይ የተገጠመ ሞተር ነው፤ ቺንጋ ሳይሆን ሰንሰለት ያለው መሆኑም ተጨማሪ ጥቅም ነው። ባለ 2.0 ቪታራ ተጋጭታ ቀፎዋ ከተጨማደደና ሞተሯ ከዳነ፣ ለባለ 1.6 እህቷ የቅርብ ዘመድ ለጋሽ እሷ ናት።

ሙሉ መኪና መግዛት ከአንድ ሞተር መግዛት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ከሶማሌ ተራ የሚገዛው ሞተር ብዙ ጊዜ ራቁቱን ነው። ወደ ጋራዥ ከገባ በኋላ ጣጣው ይጀምራል። ሞተሩን ሻንሲ ላይ የሚያስቀምጠው ድጋፍ የለም፤ የሽቦው መሰኪያ ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር አይገጥምም፤ የጭስ ማውጫው አንገት ወደ ሌላ ጎን ይዞራል፤ የራዲያተሩ ቱቦ ያጥራል። በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ፣ የስርቆት መከላከያውና ቁልፉ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ስለሆኑ አንዱን ነጥሎ መውሰድ ሞተሩን ያሰናክለዋል። እነዚህን ማንም ሱቅ ለይቶ አይሸጣቸውም፤ ቢሸጥም የትኛው ለየትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ይጠፋል። ከለጋሽ መኪና ላይ ግን ሁሉም በቦታቸው ተሰክተው ይገኛሉ። መካኒኩ ከመፍታቱ በፊት ያያቸዋል፣ በስልኩ ፎቶ ያነሳቸዋል፣ በዚያው ቅደም ተከተል ይተክላቸዋል።

ዲፍሬንሻልም ያው ነው። የኋላው ተበላሽቶ ከሌላ ቪታራ ሲወሰድ ጥርስ መቁጠር ግድ ይላል። ለምሳሌ 41 ጥርስ በ8 የሚዞረው ምጣኔ 5.125 ነው፤ 39 በ8 ደግሞ 4.875። የፊቱ አንዱን፣ የኋላው ሌላውን ከያዙ በተራ ጉዞ ምንም አይታወቅም። ፎር ዊል የገባ ቀን ግን የፊትና የኋላ ጎማ በተለያየ ፍጥነት ሊዞሩ ይታገላሉ፤ አስፋልት ላይ ከሆነ ኃይሉን የሚያከፋፍለው የማርሽ ሣጥን ይጎዳል። ለጋሿ ሙሉ ሆና ከተገኘች የፊቱም የኋላውም አብረው ይወሰዳሉ፤ ጥርስ መቁጠሩ ማረጋገጫ ብቻ ይሆናል።

የማይለገስ

ከለጋሽ ላይ ሁሉ ነገር አይወሰድም። ጓርኒሲዮን፣ የሞተር ቺንጋ፣ የፍሬን ጎማ ቱቦና የውሃ ፖምፓ አዲስ ይገዛሉ፤ ሞተሩ መሬት ላይ ሳለ መቀየር ርካሽ ነው፣ ከተተከለ በኋላ ግን ማውረድ ድጋሚ ክፍያ ነው። በግጭት ጊዜ የተወጠረ የደህንነት ቀበቶና የፈነዳ ኤርባግም አይወሰዱም። ሞተሩ ከመውረዱ በፊት በለጋሿ ላይ እንዳለ ቢነሳ፣ ድምፁና ጭሱ ቢታይ፣ የሲሊንደሮቹ ግፊት በየተራ ቢለካ ጥሩ ነው። ራቁቱን ከተገዛ ሞተር ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ የሻጩን ቃል ማመን ነው።

ሕጉም አንድ የማይለገስ ነገር አለው፤ የሻንሲ ቁጥር። ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ሁለቱም ተጽፈዋል። ሞተር ሲቀየር በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 በተዘረጋው ሥርዓት ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት አስታውቆ ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ለቦሎ ምርመራ በቀረበ ጊዜ ቁጥሩ አልገጥም ይላል። ሻንሲው ግን የመኪናዋ ማንነት ነው። የአንዷን የሻንሲ ቁጥር ቆርጦ በሌላዋ ላይ መበየድ ንቅለ ተከላ ሳይሆን ማጭበርበር ነው።

ስለዚህ ለጋሽ የምትገዛው ከነወረቀቷ ነው። ሊብሬዋ ይታያል፣ ዕዳና ዕገዳ እንደሌለባት ይጣራል፣ በቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ቀረጧ መከፈሉ ይረጋገጣል። የመድን ድርጅቶች በግጭት የተጎዱ መኪኖችን በጨረታ ሲሸጡ ወረቀቱ አብሮ ስለሚመጣ ይህ መንገድ ንጹሕ ነው። ስፖኪዮው ማታ ተነቅሎ ጠዋት ገበያ ላይ በሚገኝበት ከተማ ውስጥ፣ ዕቃው ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ከዋጋው እኩል ይመዝናል። ለጋሽ መኪና ያንን ጥያቄ የምትመልስ ናት፤ ስም፣ ቁጥርና ሻጭ አላት።

አጠቃቀም

«ጋሼ፣ ሞተር ብቻ ከሚገዙ ለጋሽ መኪና ቢፈልጉ ይሻልዎታል፤ ሽቦውና ኮምፒውተሩ አብሮ ይመጣል።»

«የዚህች ቪታራ ለጋሿ ባለ 2.0 ናት፤ ካምቢዮዋም ከዚያው ነው።»

«ሁለቱ መኪኖች አይስማሙም፤ የአንዱ ሞተር አግድም፣ የሌላው በቁመት ነው።»

ቃሉ ትርጉሙን እንዲይዝ በቁጠባ እንጠቀምበት። አንድ ስፖኪዮ ወይም አንድ የበር እጀታ ከገበያ ቢገዛ ያ መለዋወጫ ነው፤ ጥሩ ስም አለውና ሌላ አያስፈልገውም። ሞተር ብቻውን ቢገዛም ያገለገለ ሞተር ነው። ለጋሽ የምንላት ሙሉዋን የተገኘች፣ ከተቀባይዋ ጋር መስማማቷ ሳትፈታ የተጣራ፣ ወረቀቷም አብሮ የመጣ መኪና ስትሆን ብቻ ነው።